በገዛ ኮምፒውተሬ ፈቃድ ስጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብዙ ሰው ሊኑክስ ከተባለው የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ጋር ስላኳረፈ አንድ ጉዳይ ብቻዬን ላውጋችሁ።

በራሳችሁ ገንዘብ የገዛችሁትን አርዱዪኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ትሰካላችሁ፤ ፕሮግራም ልትጭኑበት ስትሉ «ፈቃድ ተከልክሏል» የሚል መልስ ይመጣል። በገዛ ቤት ደጅ እንደ መጥናት ነው። ምህንድስና የሚማረው የእህቴ ልጅ በዚሁ ጉዳይ ሲደውልልኝ «ጋሼ፣ ገመዱ ይሆን የተበላሸው?» አለኝ። ገመዱ ደኅና ነበር።

ሊኑክስ እንዲህ ያለውን የተሰካ ዕቃ በፋይል መልክ ነው የሚያቀርበው። ፋይሉ «ቲቲዋይ ዩኤስቢ ዜሮ» ወይም «ቲቲዋይ ኤሲኤም ዜሮ» ይባላል፤ ባለቤትም ቡድንም አለው። ከሊኑክስ ዓይነቶች በኡቡንቱና በዴቢያን ባለቤቱ ሩት (ሁሉን የሚያዝዘው የሥርዓቱ አስተዳዳሪ)፣ ቡድኑ «ዲያልአውት» ነው፤ ከእነርሱ ውጪ ያለ ሰው ማንበብም መጻፍም አይችልም። ቡድኑ ከሞደም ዘመን የተረፈ ነው፤ በስልክ መስመር መደወል ለሚፈቀድላቸው የተዘጋጀ ነበር።

«ፈቃዱን ስድስት ስድስት ስድስት ብለህ ለሁሉም ክፈተው» (ማንም ያንብብ፣ ማንም ይጻፍ ማለት ነው) የሚሉ መካሪዎች አሉ። ይህ ምክር ያበሳጨኛል። ዕቃው ተነቅሎ በተሰካ ቁጥር ፋይሉ እንደ አዲስ ስለሚፈጠር ፈቃዱ አብሮ ይጠፋል፤ እስኪጠፋ ድረስ ደግሞ በኮምፒውተሩ ላይ ያለ ፕሮግራም ሁሉ ይገባበታል። የአርዱዪኖ ኮድ መጻፊያውን ፕሮግራም በሱዶ፣ ማለትም በሩት ሥልጣን፣ መክፈት ከዚህም ይብሳል፤ የጻፋችኋቸው ፋይሎች የሩት ንብረት ሆነው ይቀሩና በማግሥቱ የራሳችሁን ሥራ ማስተካከል ያቅታችኋል።

የተለመደው መፍትሔ በ«ዩዘርሞድ» ትእዛዝ ራስን ወደ ቡድኑ ማስገባት ነው። በትእዛዙ ውስጥ ትንሿን «ኤ» ፊደል እንዳትረሱ፤ እርሷ ከሌለች ከሌሎቹ ተጨማሪ ቡድኖች ሁሉ ትወጣላችሁ፣ የሱዶ ሥልጣናችሁም አብሮ ይሄዳል። አባልነት የሚነበበው ስትገቡ ስለሆነ፣ ከመለያችሁ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ።

እኔ ግን የቡድኑን መንገድ ብዙም አልወደውም። ብዙ ሰው በሚጋራው ኮምፒውተር ላይ የቡድኑ አባል የሆነ ሰው ከሌላ ከተማ በኔትወርክ ገብቶ እናንተ የሰካችሁትን ዕቃ ሊነካ ይችላል። ፈቃዱ ለስም እንጂ ማሽኑ ፊት ለተቀመጠ ሰው የተሰጠ አይደለምና። የተሰኩ ዕቃዎችን የሚያስተዳድረው የሊኑክስ ክፍል፣ ዩደቭ፣ የተሻለ መንገድ አለው። «ኤልኤስ ዩኤስቢ» የተባለው ትእዛዝ የሚያሳየውን የአምራቹንና የዕቃውን ቁጥር ይዛችሁ አጭር ደንብ ትጽፋላችሁ፣ «ዩአክሰስ» የሚል ምልክት ትጨምሩበታላችሁ። የሥርዓቱን አገልግሎቶች የሚመራው ሲስተምዲ ያን ጊዜ ፈቃዱን ማሽኑ ፊት ተቀምጦ ለሚሠራው ሰው ይሰጣል፤ ሌላ ተጠቃሚ ቦታውን ሲይዝ ከፊተኛው ይነጥቃል። ደንቦች በፋይል ስማቸው ተራ ስለሚነበቡ፣ የደንቡ ፋይል ስም ከ73 በሚያንስ ቁጥር መጀመር አለበት፤ ምልክቱን ሥራ ላይ የሚያውለው ደንብ 73 ላይ ነው። በልማድ 99 ብሎ የሚጀምር ሰው ደንቡ ለምን እንደማይሠራ ሲያስብ ያመሻል።

የእህቴ ልጅ ነገር ግን ከዚህም የተለየ ሆነ። ቡድኑ ውስጥ ገብቷል፣ ፋይሉ ራሱ ግን የለም! የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) መዝገብ ሲያነብ ዕቃው ይገናኝና ወዲያው ይለያያል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ኡቡንቱ 22.04፣ የርካሹ ቦርድ የዩኤስቢ ቺፕ ደግሞ ሲኤች340 ነበር። ለዓይነ ስውራን የተሠራ አንድ የብሬል ማንበቢያ ይህንኑ ቺፕ በዚሁ መለያ ቁጥር ይጠቀማል፤ ስለዚህ «ብሬልቲቲዋይ» የተባለው ፕሮግራም አርዱዪኖውን የብሬል ዕቃ ነው ብሎ ይወስደዋል።

«ፕሮግራሙን አጥፋው» የሚለው ምክር በየቦታው ይገኛል። ለግል ኮምፒውተር ይሁን። የእህቴ ልጅ የሚሠራበት ግን የዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ማሽን ነው፤ ነገ ዓይነ ስውር ተማሪ ቢቀመጥበትስ? ፕሮግራሙ የተሠራው ለዚያ ተማሪ ነው፤ ከአርዱዪኖ ቀድሞ የነበረም ፕሮግራሙ ነው። ስለዚህ የላብራቶሪው ኃላፊ የፕሮግራሙን የዩደቭ ደንብ ስሙን ሳይለውጥ «ኢቲሲ» በተባለው የቅንብር ማውጫ ሥር ወዳለው የዩደቭ ደንቦች ማውጫ እንዲገለብጠውና በቅጂው ላይ ያንን ቁጥር የያዘውን መስመር ብቻ እንዲዘጋው አደረግን። እዚያ ያለው ቅጂ ከሥርዓቱ ጋር የመጣውን ይሽረዋል፤ በሌላ ቁጥር የሚታወቁት የብሬል ዕቃዎች እንደ በፊቱ ይሠራሉ። ደንቦቹ እንደገና እንዲነበቡ አዝዘን፣ ቦርዱን ነቅለን ሰካነው፤ ፋይሉ መጣ።