«በጣም ቆንጆ» የተባለ ሳንቲም

ክቡራትና ክቡራን፣

በጀርመን የሳንቲም ገበያ «ዜር ሾን» የሚል የይዞታ ደረጃ ስታዩ አትቸኩሉ። ቃሉ ሲተረጎም «በጣም ቆንጆ» ነው፤ ሳንቲሙ ግን ከኪስ ኪስ ሲዞር ኖሮ የደበዘዘ ነው። «ሾን» የተባለውማ ሊለሰልስ ምንም አልቀረው። ከዜር ሾን በላይ «ፎርሲውግሊሽ» አለ፤ ከፍ ከፍ ያሉት ቦታዎች ብቻ የተነኩበት። ከእሱ በላይ «ሽቴምፕልግላንስ»፣ ምስሉን ከሚያትምበት ብረት፣ ከመምቻው፣ እንደወጣ ያለው ነው። «ፖሊርተ ፕላተ» በተወለወለ መምቻ ለሰብሳቢዎች የተሠራ ሲሆን የአሠራር ዓይነት እንጂ የይዞታ ደረጃ አይደለም፤ ይህን የሚያምታቱ ነጋዴዎችም አሉ።

የጀርመኗ ግዛት የፕሩሲያ ንጉሥ የቀዳማዊ ቪልሄልም ምስል ያለበትን ባለ 5 ማርክ (ማርክ የድሮው የጀርመን ገንዘብ ነው)፣ እ.ኤ.አ. የ1876ቱን እንያዝ። ከሥር ጨርቅ አንጥፉ፣ ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ ያዙ፣ አንድ መብራት ሥር ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ያልተነካ ከሆነ የብርሃኑ ጨረር ከሳንቲሙ ጋር ይዞራል። ቀድሞ የሚያልቀው ከጆሮው በላይ ያለው ፀጉርና በጀርባው የንስሩ ደረት ነው፤ እዚያ ፀጉሩ ተለይቶ ካልታየ ፎርሲውግሊሽ የሚለውን እርሱት። ከአንገቱ በታች ያለችውን፣ የተመታበትን ከተማ የምትነግረውን ፊደል በአጉሊ መነጽር እዩ፦ ኤ በርሊን፣ ቢ ሃኖቨር፣ ሲ ፍራንክፈርት ነው። በዚያች ፊደል ብቻ ዋጋው ሊለያይ ይችላል።

አሁን ወደ ሚዛኑ። ክብደቱ 27.78 ግራም፣ ስፋቱ 38 ሚሊሜትር፣ በውስጡ 25 ግራም ንጹሕ ብር አለ። ይህ በዕለቱ የብር ዋጋ ሲባዛ ዝቅተኛው መነሻችሁ ነው። ከተጠራጠራችሁ፣ ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛን ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት፤ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ታቹን ሳይነካ ውሃው ውስጥ አስገቡት። 2.7 ግራም ገደማ ካነበበ ደህና ነው፤ ከ3 ካለፈ ሳንቲሙ ከብር የተሠራ አይደለም። ጠርዙ ላይ «ጎት ሚት ኡንስ» (እግዚአብሔር ከእኛ ጋር) የሚለው ጽሑፍ ካልጠራ፣ ወይም የመጋጠሚያ መስመር ካለ፣ በቅርጽ የተፈሰሰ አስመሳይ ሊሆን ይችላል።

እድሜና ብርቅነት አይገናኙም። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ሣልሳዊ ፍሪድሪሽ እ.ኤ.አ. በ1888 የነገሡት 99 ቀን ብቻ ስለነበር ሕዝቡ ሳንቲማቸውን ለመታሰቢያ አስቀመጠው፤ ስለዚህ ዛሬ ንጹሕ የሆነ ሞልቷል። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. የ1917ቱ፣ የጀርመኗ ግዛት የሳክሶኒ ባለ 3 ማርክ፣ የጥንት ገዢዋ የጠቢቡ ፍሪድሪሽ ምስል ያለበት፣ የተመታው 100 ብቻ ነው። መንገድ ዳር ካገኛችሁት ሐሰተኛ ነው ብላችሁ ጀምሩ።

ብዙውን ዋጋ የሚገድለው ግን እጅ ነው። ቤኪንግ ሶዳና የጥርስ ሳሙና ጥቁረቱን ሲያነሱ ላዩን ይፍቁታል፤ ጭረቱ አይመለስም፣ ባለሙያ ወዲያው ያያል። ለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ የቆየ ሳንቲም አረንጓዴ ዝልግልግ ካወጣ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ንከሩት፣ አትሹት፣ መስኮት ክፈቱ። የአንገት ጌጥ የነበረውም በጠርዙ የብየዳ ጠባሳ ይዞ ይመጣል። ይህን እኛ ከጠገራ ብር እናውቀዋለን፤ ዛሬ ባቫሪያ ውስጥ በምትገኘው ጉንዝቡርግም ይመታ የነበረው ጠገራ፣ በኋላ የተመታውም ቢሆን 1780 ስለሚል ዓመቱ ብቻውን እድሜውን አይነግርም።

ዋጋ ስትፈልጉ ሻጭ የጠየቀውን ትታችሁ በጨረታ የተሸጠበትን እዩ፤ ያውም በተመሳሳይ ፊደልና ደረጃ። ገዢው በላዩ የጨረታ ቤቱን ክፍያ ይጨምራል፣ ሻጩም ድርሻ ይቆረጥበታል፤ ስለዚህ ለእናንተ የሚደርሰው ከዚያ ያነሰ ነው።