ጭሱ ከመሬት ውስጥ ይወጣ ነበር፦ የኒቆዲሞስ መንደር

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለች አንዲት የገጠር መንደር ላወራችሁ ነው።

መንደሯ ያለችው አሜሪካ፣ ካንሳስ ግዛት፣ ግርሃም ካውንቲ ውስጥ ነው። ስሟ ኒቆዲሞስ። አዎ፣ የዐቢይ ጾምን ሰባተኛ እሁድ የምንጠራበት ያው ስም። እኔ ካለሁበት ከዴንቨር ወደ ምሥራቅ ግማሽ ቀን ያህል ቢነዳ ይደረሳል። ከንቲባ የላትም፣ የከተማ ምክር ቤትም የላትም። ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩባት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በአውራ ጎዳናው ላይ ሽው ብላችሁ ብታልፉ ልብ አትሏትም።

የተቆረቆረችው በፈረንጆቹ 1877 ነው። በአሜሪካ ባርነት በሕግ ከቀረ ገና 12 ዓመቱ ነበር። ደብልዩ አር ሂል የሚባል ነጭ የመሬት ደላላና ደብልዩ ኤች ስሚዝ የሚባሉ ጥቁር ሰባኪ ከሌሎች ጥቁሮች ጋር ሆነው ኩባንያ አቋቋሙ። ኬንታኪ ወደምትባል ሌላ ግዛት ወርደው በየቤተ ክርስቲያኑ "ካንሳስ መሬት አለ፣ ኑ" አሉ። በራሪ ወረቀትም በተኑ። መሬቱ በእርግጥም ነበር። በ1862 በወጣው ሕግ መሠረት 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ፣ ይመራሉ። አምስት ዓመት ኖረውበት ካለሙት የራሳቸው ይሆናል። ትናንት ራሳቸው እንደ ንብረት ይሸጡ ይለወጡ ለነበሩ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደነበር አስቡት።

በሴፕቴምበር 1877፣ 300 ያህል ሰዎች ከኬንታኪ መጡ። በበራሪ ወረቀቱ የተነገራቸውና ያገኙት አልገጠመም። ዛፍ የለም፣ ቤት የለም። ሜዳ ብቻ። ብዙዎቹ ወዲያው ፊታቸውን አዙረው ተመለሱ።

በቀጣዩ ዓመት ከባለቤታቸው ጋር የመጡ ዊሊና ሂክማን የሚባሉ ሴት ነበሩ። ያዩትን ከብዙ ዓመት በኋላ ተናግረዋል። ከባቡር ወርደው፣ ኤሊስ ከምትባል ከተማ ተነሥተው ሁለት ቀን ተጓዙ። ከዚያ አብረዋቸው ያሉት ወንዶች "ያችውላችሁ ኒቆዲሞስ!" ብለው ጮኹ። እሳቸው ግን ምንም አይታያቸውም። "የታለች?" ብለው ጠየቁ። ባለቤታቸው ከመሬት ውስጥ የሚወጣውን ጭስ አሳዩአቸው። ሰዉ የሚኖረው ጉድጓድ ቆፍሮ ነበር። ሴትዮዋ ማልቀስ ጀመሩ።

ያ ጭስ ደግሞ የምን ጭስ መሰላችሁ? የኩበት። እንጨት የለማ! የጎሽ ኩበትና የሱፍ አገዳ እየለቀሙ ያነዱ ነበር። ጠንካራውን የሣር መሬት የሚሰብሩት በአካፋና በዶማ ነው። ይህን ሳነብ እናቴ ኩበት ስትጠፈጥፍ ታየችኝ። ካንሳስ በድንገት ቅርቤ ሆነ።

በመጀመሪያው የብርድ ወራት ምግብ አለቀ። ከአደን ሲመለሱ ያገኟቸው ኦሴጅ የሚባሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከሥጋቸው አካፈሏቸው። እዚህ ላይ ሁሌ ቆም እላለሁ። ኦሴጆች ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ከዚያው ከካንሳስ፣ ከገዛ መሬታቸው፣ የተገፉ ሕዝብ ናቸው። ለኬንታኪዎቹ በነጻ የተመራው መሬት ባለቤት አልባ አልነበረም። ከነባር ሕዝቦች የተወሰደ ነው። የተነጠቀው ሰው አዲስ መጤውን አበላው። የኒቆዲሞስን ታሪክ የሚተርክ ሁሉ ይህንን ባይዘል ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ መንደሯ አደገች። ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ ሆቴል፣ ባንክ፣ ሁለት ጋዜጣ ሳይቀር ነበራት። እዚያ የኖረው ኤድዋርድ ማኬብ በ1882 የካንሳስ ግዛት ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ። ጥቁር ሰው በዚያ ዘመን! ከዚያ የባቡሩ ነገር መጣ። መንደሯ ባቡሩን ለመሳብ 16,000 ዶላር ለማዋጣት ድምፅ ሰጠች። ግን በ1888 ሐዲዱ ከወንዙ ማዶ አለፈ። ነጋዴዎቹም ሱቃቸውን ነቅለው ቦግ ወደምትባለው አዲስ መንደር ሄዱ።

አብዛኛው ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። ባቡሩ ገደላት ይላል። እኔ አልስማማም። የሄደው ነጋዴው ነው። ገበሬው አብዛኛው ቀረ፣ ምክንያቱም የመጣው ለሱቅ ሳይሆን ለመሬት ነው። ይህን ለመረዳት ለእኔ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገኝም። አያቴ ጭሰኛ ነበሩ። ከአውድማው ላይ መጀመሪያ የሚሰፈረው የባለመሬቱ ሲሶ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲታወጅ መሬቱ የመንግሥት ሆነ እንጂ የእሳቸው አልሆነም። ሲሶው ግን ቀረ። የማሳቸውን ዳር በገዛ እጃቸው ቁልቋል ተከሉበት። ከዚያ በኋላ ልጆቻቸው ከተማ እንውሰድዎት ቢሏቸው፣ ወይ ፍንክች!

ኒቆዲሞስን በኋላ የጎዳት የ1930ዎቹ ድርቅና የአቧራ ማዕበል ነው። ወጣቶቹ እንጀራ ፍለጋ ተበተኑ። በ1953 ፖስታ ቤቷ ተዘጋ፣ ትንሽ ቆይቶ ትምህርት ቤቷም። ተወላጆቹ ግን አልተዋትም። የነጻነት በዓላቸውን የጀመሩት በ1878 ነው። ዛሬም በየዓመቱ በጁላይ መጨረሻ ቅዳሜና እሁድ ከየግዛቱ ይሰበሰባሉ። ሰልፍ አለ፣ ምግብ አለ፣ ጸሎት አለ። በ1996 መንደሯ በብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ሥር ያለች ብሔራዊ የታሪክ ቦታ እንድትሆን ሕግ የወጣው በእነሱ ውትወታ ጭምር ነው።

በዚያ በኩል የምታልፉ ከሆነ ጎራ በሉ። አምስት አሮጌ ሕንጻዎች አሉ፣ ከነሱም ሁለቱ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ከቻላችሁ በበዓላቸው ሰሞን ሂዱ። ታሪኩን ከራሳቸው አፍ ትሰማላችሁ። በሉ ሰላም ሁኑልኝ።