ከእሸት ቡና እስከ እንቁላል፦ በውሃ ውስጥ ስለሚሰምጡና ስለሚንሳፈፉ ነገሮች የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከአጋሮ አካባቢ የደወሉ ቡና አምራች አባት፣ «እሸት ቡና ለቅመን ውሃ ውስጥ ስንጨምረው ከፊሉ ይሰምጣል፣ ከፊሉ ይንሳፈፋል። መጠኑ እኩል ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

መልስ፦ አባቴ፣ ጥያቄዎ የነገሩን ሥር የያዘ ነው። አንድን ነገር የሚያሰምጠው ወይም የሚያንሳፍፈው እፍጋቱ ነው፤ ይኸውም ክብደቱ ምን ያህል ቦታ ላይ ታጭቆ እንደተቀመጠ ማለት ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ያንኑ ያህል ቦታ የያዘ ነገር ከዚህ በላይ ከመዘነ ይሰምጣል፣ ካነሰ ይንሳፈፋል። በደንብ የበሰለ እሸት ቡና ውስጡ ሙሉ በመሆኑ እፍጋቱ ከውሃ ይበልጣል። ተባይ የቦረቦረው፣ ዛፉ ላይ እንዳለ የደረቀው ወይም ፍሬው ሳይሞላ የቀረው ግን ውስጡ አየር ስለሚይዝ፣ ከውጭ ሲታይ ከሌላው ባያንስም፣ ውሃው ላይ ይቀራል።

ተንሳፋፊውን ቀፎ ፍሬ ማውጣት የቡናዎን ጥራት የሚጠብቅ መልካም ልማድ ነውና አይተዉት። ሆኖም አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ያልበሰለ አረንጓዴ ፍሬም ብዙውን ጊዜ ከቀዩ ጋር አብሮ ስለሚሰምጥ፣ ውሃው በለቀማ ጊዜ የሚደረገውን ጥንቃቄ ሊተካ አይችልም። ጀንፈል፣ ማለትም ሳይፈለፈል ከነልጣጩ የደረቀ ቡና፣ ሊያደርጉት ካሰቡም ከውሃው እንደወጣ ወዲያውኑ በማድረቂያ አልጋ ላይ በስሱ ያስጡት።

ጥያቄ፦ ከጅሬን የደወለ ተማሪ፣ «ትንሽ ምስማር እየሰመጠ ትልቅ የብረት በርሜል ለምን ይንሳፈፋል?» ብሏል።

መልስ፦ የብረት እፍጋት ከውሃ ወደ 8 እጥፍ ስለሚጠጋና ምስማሩ ሁለንተናው ብረት ስለሆነ፣ ትንሽ ቢሆንም ይሰምጣል። 200 ሊትር የሚይዘው በርሜል ግን ባዶውን 20 ኪሎ ግራም ገደማ ቢመዝን፣ የያዘው ቦታ አብዛኛው አየር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አርኪሜድስ እንዳስረዳው፣ ውሃ የገባበትን ነገር ወደ ላይ የሚገፋው ያ ነገር ቦታውን ያስለቀቀው ውሃ በሚመዝነው ልክ ነው። ስለዚህ አፉ የተከደነው በርሜል 20 ሊትር ያህል ውሃ እስኪያስለቅቅ ድረስ ብቻ ይጠልቅና ይቆማል። ከባሕር ላይ የሚሄዱት የብረት መርከቦችም የሚንሳፈፉት በዚሁ ምክንያት ነው። በርሜሉ ውሃ ከሞላ ግን አየሩ ስለሚወጣ፣ ብረቱ ይዞት ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ከሂርማታ የደወሉ እናት፣ «የተንሳፈፈ እንቁላል ተበላሽቷል ማለት ነው?» ብለዋል።

መልስ፦ እናቴ፣ መቆየቱን ያሳያል። እንቁላል ሲቆይ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች እርጥበት ይወጣና በምትኩ አየር ስለሚገባ እፍጋቱ ይቀንሳል። መበላሸቱን ለማወቅ በሌላ ዕቃ ለብቻው ሰብረው ያሽትቱት፤ ከሸተተ ይጣሉት።