በር ላይ አድርሰን አንመለስ
በላስ ቬጋስ ለተሰበሰቡ የማኅበረሰባችን አባላት የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ንግድና ሥራ ፈጠራ ትንሽ በይን ብለውኝ ነው የቆምኩት። ስለ ሥራ ፈጠራ በጅምላ የሚያወራ ሰው አላጣችሁም። እኔ ስለ አንድ ነገር ብቻ ላውራ። በየዓመቱ መጨረሻ አካባቢ እዚሁ ከተማችን፣ ኮንቬንሽን ሴንተር ውስጥ ስለሚካሄደው የካናቢስ፣ ማለትም የማሪዋና፣ ንግድ ኤክስፖ። ኤምጄቢዝኮን ስለሚባለው።

እናቶቼ፣ ስሙ ሲጠራ ፊታችሁ እንደተቀየረ ይታየኛል። እባካችሁ እስከ መጨረሻው ስሙኝ። ከዚያ በኋላ ብትቆጡኝም እቀበላለሁ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ያ ኤክስፖ ሲመጣ እንግዶቹን ከኤርፖርት የሚያመጣቸው ማነው? እኛ። ያደሩበትን ክፍል የሚያጸዳው፣ አልጋውን የሚያነጥፈው ማነው? እኛ። ማታ ካዚኖ ሲገቡ ካርታ የሚያድላቸው ማነው? እኛው ነን። ጠዋት ደግሞ አንገታቸው ላይ ባጅ ያንጠለጠሉትን ሰዎች ኮንቬንሽን ሴንተሩ በር፣ ፓራዳይዝ መንገድ ላይ እናወርዳለን። ሻንጣቸውን እናወጣላቸዋለን። መልካም ቀን ተመኝተን ቀጣዩን ተሳፋሪ ፍለጋ እንበራለን። ከበሩ ወዲያ ስላለው ነገር ግን ከወሬ በቀር የምናውቀው የለም።

ይህ የሚያንገበግበኝ በምክንያት ነው። ኔቫዳ ካናቢስ ለአዋቂዎች እንዲሸጥ በፈረንጆቹ 2016 በሕዝብ ድምፅ ፈቀደች። መደብሮቹ ጁላይ 1 ቀን 2017 መሸጥ ጀመሩ። በ2021 የበጀት ዓመት ሽያጩ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ከችርቻሮው ላይ የሚሰበሰበው 10 በመቶ ታክስ ወደ ትምህርት ቤቶች ይሄዳል። ልጆቻችን የሚማሩበት ክፍል ውስጥ የዚህ ንግድ ገንዘብ አለ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው እኛ በምንኖርበት፣ ክላርክ ካውንቲ ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ስማችንን በሰጠን ከተማ ነው። እኛ ግን የለንበትም።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ባለታሪኮቹ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ስማችንን አትጥሪ ብለው ነው የፈቀዱልኝ።

ታክሲ የሚነዳ ወንድማችን ኤክስፖው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ማታ ከኤርፖርት አንድ ሰውዬ ጫነ። ሰውዬው ስልክ ላይ ነው። ይጮኻል። ነገሩ ለካ ከኦሪገን የመጣ የማሸጊያ ነጋዴ ነው፤ የመስታወት ጠርሙስና ሕፃን የማይከፍተው ክዳን ይሸጣል። ቡዙ ላይ፣ ማለትም ዕቃውን በሚያሳይበት የተከራየው ቦታ ላይ፣ አብራው ልትቆም የነበረችው ሠራተኛ ታማ ቀርታበታለች። ብቻውን ነው። ቡዙን ትቶ ሽንት ቤት እንኳ መሄድ አይችልም። አብዛኞቻችን እንዲህ ሲገጥመን ምን እናደርጋለን? ሬዲዮውን ቀነስ አድርገን እንነዳለን። የሰው ጉዳይ ምን አገባን? እሱ ግን ስልኩ እስኪዘጋ ጠበቀ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ «የእህቴ ልጅ ኮሌጅ ልትጨርስ ነው፤ ፈጣን ልጅ ናት፤ ነገ ክላስ የላትም» አለው።

ልጅቷ በነጋታው ጥቁር ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ለብሳ መግቢያው ጋ ተገኘች። ሰውዬው በድርጅቱ ስም የተያዘውን ባጅ ከቀረችው ሠራተኛ ወደ እሷ ስም አስቀየረላት። አንድ ሳንቲም አልከፈለችም። ያ መግቢያ ይገዛ ቢባል በብዙ መቶ ዶላር ነው የሚገዛው።

የመጀመሪያውን ቀን የጠርሙስ መጠንና ዋጋ ስትሸመድድ ዋለች። ረጋ ብሎ ያናገራት ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን እንዲያ ነው። ሁሉም ይሮጣል፤ ሁሉም ዓይኑ ትልልቆቹ ቡዞች ላይ ነው። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ጎብኚው ይሳሳል። የቡዝ ሰዎች እግራቸው አብጦ፣ ጫማቸውን አውልቀው ሳጥን ላይ ይቀመጣሉ። ያመጡትን ዕቃ መልሶ ማስጫን ብዙ ስለሚያስወጣ ለማን ሰጥተው እንደሚሄዱ ያስባሉ። የሚያወራቸው ሰው ያምራቸዋል። ልጅቷ አጠገቧ ያለው ቡዝ ላይ የተክል ማሳደጊያ መብራት የሚሸጡ ሴትዮ ብቻቸውን ሳጥን ሲያሽጉ አየች። ሄዳ ክዳኑን ያዘችላቸው። ሴትዮዋ ቴፑን እየለጠፉ፣ «ይህን ሁሉ ወደ ሚሺጋን መልሼ ልጭነው ነው፤ እዚህ የሚያስቀምጥልኝ ሰው ባገኝ» አሉ።

ልጅቷ አጎቷ ጋ ደወለች። አጎቷ ጓደኛው ጋ ደወለ። ጓደኛው መጋዘን ተከራይቶ ነበር፤ ግማሹ ባዶ ነው። በዚያው ማታ ሳጥኖቹ በኛ ሰው ቫን ተጫኑ። ዛሬ ያ ወንድማችን ከሌላ ስቴት ለሚመጡ ድርጅቶች ዕቃ ያስቀምጣል፤ ኤክስፖ ሲደርስ ያደርሳል፤ ሲያልቅ ይሰበስባል። ልጅቷም ከተመረቀች በኋላ የማሸጊያው ነጋዴ ቀጥሯታል። ዕፁን አልነኩም። አልሸጡም። አላጨሱም። ሥራቸው ጠርሙስና መብራት ነው። ይህ ሁሉ የጀመረው ከታክሲ የኋላ ወንበር ላይ በተሰማ ስልክ ነው። እናንተስ ስንት እንዲህ ያለ ስልክ ሰምታችሁ አልፋችኋል?

አሁን ወደ ነውሩ ልምጣ። ብዙዎቻችንን የያዘን እሱ ነው። ሰው ምን ይለኛል። ቤተ ክርስቲያን ምን እባላለሁ። አገር ቤት ያሉት ቢሰሙስ። ልጁ እንዳያጨስ የሚፈልግ ወላጅ ልክ ነው፤ እኔም ልጆቼ እንዲያጨሱ አልፈልግም። ግን ቢራ የማይቀምስ ሰው የቢራ ፋብሪካ ሂሳብ ሠርቶ ልጆቹን አስተምሯል፤ ነውረኛ ያለው የለም። ደግሞ እዚያ ኤክስፖ ወለል ላይ ዕፁ አይሸጥም፤ አይጨስም። ያለው ምንድነው? ሚዛን፣ ማሸጊያ ማሽን፣ የእርጥበት ማስወገጃ፣ ካዝና፣ ካሜራ፣ ኢንሹራንስ፣ የሂሳብ ሶፍትዌር። በዚህ በረሃ ተክሉ የሚያድገው በተዘጋ ሕንፃ ውስጥ ነው። ኤሲው በሐምሌ ቀጥ ቢል ሰብሉ ይበላሻል። እዚህ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ የኤሲ ባለሙያ ወንድሞች አሉ። አንዳችሁም እዚያ ገብታችሁ አታውቁም!

እኔ የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ የራሴን ሙያ ልጨምር። በ1982 የወጣ፣ 280ኢ የሚባል የፌዴራል ታክስ አንቀጽ አለ። በፌዴራል ሕግ በጥብቅ የተከለከለ ዕፅ የሚነግድ ድርጅት የመደብር ኪራዩን፣ የማስታወቂያውን፣ የሻጮቹን ደመወዝ ከገቢው ላይ እንዳይቀንስ ይከለክላል። የሚቀነስለት የዕቃው ዋጋ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ለዓመታት ሲከስሩ እንኳ ግብር የከፈሉ መደብሮች አሉ። ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ አካውንታንት እዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደ ዘመድ ነው የሚታየው። ከኛ መካከል ስንት አካውንታንት አለ? ስንቱ ነው ማታ ማታ ኡበር የሚነዳው?

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። ከመካከላችን አንድ ሰው ተነስቶ የካናቢስ ኔትወርክ ስልጠና እሰጣለሁ፣ ኤክስፖውም በነጻ አስገባለሁ ብሎ ከወገኖቹ ብር ሰበሰበ። ከፋዮቹ ውስጥ ሌሊት ሙሉ የሆቴል ክፍል ሲያጸዱ የሚያድሩ እህቶች ነበሩ። የእቁባቸውን ብር ያመጡም አሉ። ምን ሰጣቸው? ከኤክስፖው ድረ ገጽ ላይ ያተመውን የድርጅቶች ዝርዝር! ማንም ሰው ስልኩ ላይ ከፍቶ የሚያየውን! ይህ ስልጠና አይደለም። ይህ ዘረፋ ነው። በአማርኛ ስላናገረን፣ ወንድሜ እህቴ ስላለን የምንከፍለው ግብር የለም። ያ ሰው ነገ ተመልሶ ይመጣል። ሲመጣ በሩን ዝጉበት!

እሱ በብር የሸጠውን እኔ አሁን በነጻ እነግራችኋለሁ።

ኤክስፖ ሰው ይፈልጋል። ባጅ የሚያድል፣ በር ላይ የሚቆጣጠር፣ አዳራሽ የሚያሳይ። ለዚህ ጊዜያዊ ሠራተኛ የሚቀጥሩ ኤጀንሲዎች በከተማችን ሞልተዋል። በዚህ መንገድ የሚገባ ሰው መግቢያ አይከፍልም፤ እንዲያውም ለሱ ይከፈለዋል። አንዳንድ ኮንፈረንሶች ደግሞ በጎ ፈቃደኛ ይወስዳሉ፤ ጥቂት ሰዓት ታገለግላላችሁ፣ የቀረውን ሰዓት ውይይቱን ትከታተላላችሁ። ቀድሞ መጠየቅ ነው። ሳምንት ሲቀረው የሚደውል ሰው ቦታ አያገኝም።

ከሁሉም የምወደው ግን የልጅቷን መንገድ ነው። ቡዝ የሚከራይ ድርጅት ለሠራተኞቹ ባጅ ይሰጠዋል። ትንሽ ድርጅት ከሩቅ ስቴት አራት ሰው አምጥቶ አውሮፕላንና ሆቴል መክፈል ይከብደዋል። እናንተ እዚሁ ናችሁ። መኪና አላችሁ። ከተማውን ታውቃላችሁ። የድርጅቶቹን ዝርዝር ክፈቱ፣ ትንንሾቹን ምረጡ፣ አጭር ኢሜይል ጻፉ። ላስ ቬጋስ ነው የምኖረው፣ ቡዝ ላይ መቆም፣ ዕቃ ማድረስ እችላለሁ በሉ። ካልሆነም ብዙ ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው የሚያድሉት የነጻ መግቢያ ኮድ አላቸውና እሱን ጠይቁ። ቢበዛ እምቢ ይሏችኋል። ኤርፖርት ላይ ተሳፋሪ ለማግኘት ስንት ሰዓት ተሰልፈን የምንጠብቅ ሰዎች አንድ ኢሜይል እንዴት ይከብደናል?

በአማርኛ ሬዲዮና ዩቲዩብ ላይ በቋሚነት የምትሠሩ ደግሞ የፕሬስ ባጅ ጠይቁ። ሥራችሁን የሚያሳይ ነገር ይፈለጋል። ጋዜጠኛ ሳትሆኑ ጋዜጠኛ ነኝ አትበሉ። የሰው ባጅ ተውሳችሁም አትግቡ። በር ላይ የሚያዝ አንድ ሰው የሁላችንንም ስም ነው የሚያስነሳው።

አሁን ደግሞ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ከዚህ በላይ የሚያስጨንቀኝ ነገር የለም። ዜግነት ያላገኛችሁ፣ ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ፣ የጥገኝነት ጉዳያችሁ ያላለቀ፣ ይህ ንግድ በስቴት ሕግ ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ እንደዚያ አይደለም። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ዩኤስሲአይኤስ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በካናቢስ ንግድ ተቀጥሮ መሥራት በስቴቱ ሕጋዊ በሆነበት ቦታ እንኳ የዜግነት ማመልከቻ ሊያስከለክል እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል። ከውጭ ስትመለሱም ጥያቄ ሊያስነሳባችሁ ይችላል። ለጥቂት ዶላር የስንት ዓመት ልፋታችሁን አትጣሉ። የነገርኳችሁ ታሪክ ውስጥ ያሉት ሦስቱም ዜጎች ናቸው። እናንተ ግን ቡዝ ላይ ከመቆማችሁ፣ ለዚህ ንግድ ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግሩ። ጓደኛ አይደለም። የጓደኛ ጓደኛም አይደለም። ጠበቃ! ይህን ሳይነግራችሁ ኑ የሚላችሁ ሰው ወዳጃችሁ አይደለም።

ካዚኖ የምትሠሩም የመሥሪያ ቤታችሁን ደንብ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የኔቫዳ የጌሚንግ ቁጥጥር ቦርድ ባለፈቃዶቹ ከዚህ ንግድ እንዲርቁ ከ2014 ጀምሮ ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል።

ሰዓቴ እያለቀ ስለሆነ የቀረውን ላሳጥር። ኤክስፖው በዓመት አንዴ ነው። ከ2020 ጀምሮ ይህን ንግድ የሚቆጣጠረው የካናቢስ ኮምፕላያንስ ቦርድ ግን ስብሰባው ዓመቱን ሙሉ ለሕዝብ ክፍት ነው። የመግቢያ ክፍያ የለውም። ኦንላይንም ይታያል። ባለ ላይሰንሶቹ፣ ጠበቆቻቸው፣ አማካሪዎቻቸው እዚያ ይገኛሉ፤ ኮሪደር ላይ ቆመው ያወራሉ። በ2022 መጨረሻ፣ ሰዎች ተቀምጠው ካናቢስ የሚጠቀሙበት የላውንጅ ፈቃድ በዕጣ ሲወጣ፣ ከ20ዎቹ 10ሩ በቀድሞው የካናቢስ ሕግ ለተጎዱ አመልካቾች የተያዙ ነበሩ። ከኛ ሰፈር ስለ ዕጣው አስቀድሞ የሰማ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ።

ካርድ ስትቀበሉ ደግሞ ከጀርባው ላይ ምን እንዳወራችሁ እዚያው ጻፉ፤ ሳምንት ሳያልፍ ኢሜይል ላኩ።

ከዚህ ስወርድ በቀኝ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ እቆያለሁ። ላፕቶፕ ይዣለሁ፤ የዘንድሮው የድርጅቶች ዝርዝርም ተከፍቷል። ዜግነት ያላችሁ ኑና የመጀመሪያዋን ኢሜይል አብረን ጽፈን ዛሬ ማታ እንላካት። ገና ጉዳያችሁ ያላለቀ ደግሞ መጀመሪያ ጥያቄያችሁን በወረቀት ጻፉልኝ፤ ጠበቃ ጋ ስትሄዱ ይዛችሁት እንድትገቡ።

አመሰግናለሁ።