የኅዳር ዕዳ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ታኅሣሥ 1 ነው። የምቀዳው እዚሁ ጅማ፣ ቤቴ ውስጥ፣ ከጓዳ አጠገብ ባለችው ትንሽ ክፍል ሆኜ ነው። ጠብ ጠብ የሚል ነገር ከሰማችሁ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ካፊያ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል። እናቴ ሳሎን ቁጭ ብላለች። ስለዚህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራችሁ።

ትናንት ኅዳር አለቀ። ባለፈው ክፍል “ኅዳርን ሙሉ በየቀኑ እጽፋለሁ” ብዬ ነግሬያችሁ ነበር። “ምን ላይ ደረሰ?” ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ዛሬ የሆነውን እንዳለ ላውራችሁ።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። የአንድ ወር የጽሑፍ ቻሌንጅ ነው። ከታወቁት አንዱ ናኖራይሞ የሚባለው ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1999 ክሪስ ቤይቲ የሚባል ሰው ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ጀመረው። 21 ሰዎች ነበሩ። በአንድ ወር ውስጥ 50,000 ቃል ያለው ልብ ወለድ መጻፍ ነው ሥራው። የመጀመሪያውን ዓመት በሐምሌ ወራቸው ሞከሩት፤ በዓመቱ ወደ ኖቬምበር ተዛወረ። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ብዙ ሰው ጻፈበት። ድርጅቱ በፈረንጆቹ 2025 እንደሚዘጋ አስታወቀ። ልማዱ ግን አለ፣ እኔ ጋም ደርሷል።

እኔ በኖቬምበር ፋንታ ኅዳርን ያዝኩ። የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ነው። ጳጉሜን ብቻ ናት 5 ወይም 6 የምትሆነው። ባለ ስኩዌር ደብተር ገዝቼ የመጨረሻው ገጽ ላይ ከ1 እስከ 30 ቁጥር ደረደርኩ። ከቁጥሩ ጎን የየቀኑን ቃል ልሞላ ነው። ያን ገጽ ሳየው እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር!

50,000 ለ30 ሲካፈል በቀን 1,667 ይመጣል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ልሞክረው ብዬ ተቀመጥኩ። እኩለ ሌሊት ሆነ፤ 600 አልሞላም። በጣም ከፋኝ። ሰው በየቀኑ የሚጽፈውን እኔ እንዴት ያቅተኛል አልኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። አማርኛ ቃሉ ውስጥ ብዙ ነገር ያጭቃል። “ስላልነገርኩሽ” የሚለውን ውሰዱ። አንድ ቃል ነው። ምክንያቱ አለበት፣ አሉታው አለበት፣ ተናጋሪዋ አለችበት፣ የተነገረላትም አለችበት። እንግሊዝኛ ይህንኑ ለማለት ስድስት ቃል ይፈልጋል። እንግዲህ 50,000 የአማርኛ ቃል ከ50,000 የእንግሊዝኛ ቃል እኩል ሸክም አይደለም። በአማርኛ ለመጻፍ የምታስቡ ይህን ያዙልኝ። የሰው ቋንቋ ልክ ለእናንተ አይሰፋም። እኔ በቀን 500 ቃል አልኩ። በእጅ ጽሑፌ አራት ገጽ ገደማ ነው። በወሩ 15,000።

አሁን ስለ ሥራዬ ልንገራችሁ፤ ያለሱ የቀረው አይገባችሁም።

የምሠራው አንድ ቡና አቅራቢ ዘንድ ነው። ሂሳብ ያዥ ነኝ። በእኛ አካባቢ ቀይ እሸት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ኅዳር መሐሉ ላይ ነው። ገበሬው እሸቱን ያመጣል፣ ባስኩል ላይ ይመዘናል፣ ካርኒ ይቆረጣል፣ ገንዘብ ይከፈላል። ማታ ካርኒውና ካዝናው መገጣጠም አለባቸው። ካልተገጣጠሙ እስኪገጣጠሙ ድረስ ቤት መሄድ የለም። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የኖርኩት። የጎደለ ነገር ካለ እስካገኘው ድረስ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህን ጠባዬን ይዤ ነው ወደ ጽሑፉ የገባሁት።

ከ1 እስከ 4 ጥሩ ሄደ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን የሰፈራችን መስጊድ አዛን ይላል። እሱ ሲሰማ እነሳለሁ። ሻይ አፈላለሁ፣ ጋቢ እደርባለሁ፣ እጽፋለሁ። አራት ቀን በተከታታይ አምስት አምስት መቶ። በአራተኛው ቀን ማታ ከአጋሮ በኩል የሚመጣ መኪና ዘገየ። ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ነው ቤት የገባሁት። በማግስቱ ሌሊት አዛኑን አልሰማሁትም።

ባዶውን ሳጥን ሳየው እጄ ሳላዝዘው “500 ዕዳ” ብሎ ጻፈ። በ6ኛው ቀን 300 ጻፍኩ፤ ዕዳው 700 ሆነ። 7 ባዶ። በ8ኛው 400። ዕዳው 1,300። ልብ በሉ፣ እየጻፍኩ ነው። ግን ደብተሩን ስከፍት የማስበው ታሪኩን አልነበረም። ያለብኝን ነበር የማስበው። ዓረፍተ ነገሩን ቃል እንዲበዛለት አስረዝመዋለሁ። “ሄደች” በቂ ሆኖ ሳለ “ተነስታ ቀስ እያለች ሄደች” እላለሁ። ሳነበው ያስጠላኛል። አልሰርዘውም፤ ከሰረዝኩት ዕዳው ይጨምራል።

በ9ኛው ቀን ጠዋት ጎረቤታችን ሐጂ አረፉ።

ሐጂ በርጩማ ሠሪ ነበሩ። የጅማን በርጩማ ታውቁታላችሁ፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው፣ ባለ ሦስት እግሩ። ልጅ ሆነን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደጃቸው ላይ የወደቀውን ፍቅፋቂ እንሰበስብ ነበር። ለእሳት ማያያዣ እናቶቻችን ይወዱታል። እሳቸውም አንድ ቀን ተቆጥተውን አያውቁም።

የዚያኑ ቀን ተቀበሩ። ዕድሩ ድንኳን ጣለ፣ ድስትና ወንበር መጣ። እኛ ቤት ክርስቲያን ነን፣ እነሱ ሙስሊም፤ ዕድሩ ግን አንድ ነው። ሦስት ቀን ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ሐዘኑ ቤት ነው የምሄደው። ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ውሃ አቀርባለሁ፣ ከሴቶቹ ጋር እቀመጣለሁ። ለቅሶ ትቶ ልጻፍ የሚል ሰው እኛ ሰፈር የለም፤ እኔም አላደርገውም። ሦስት ባዶ ሳጥን። በ12 ደግሞ ኅዳር ሚካኤል ነው። እናቴን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ግቢ ጠርገን ቆሻሻውን አቃጠልን፤ ኅዳር ሲታጠን የምንለው፣ በ1911 ዓ.ም. ከገባው ወረርሽኝ ጋር ስሙ የሚነሳው። ማታ ጭስ ጭስ እየሸተትኩ ደብተሩን ከፈትኩ።

ዕዳ፦ 3,300።

አካፈልኩት። ለመሙላት በቀሩት 18 ቀናት በየቀኑ 683 ቃል መጻፍ አለብኝ። 500 ያቃታት ሴት 683 ከየት ታመጣለች? ደብተሩን ዘጋሁት። እውነቴን ነው፣ አበቃ ብዬ ነው የዘጋሁት። ለናንተ ምን እንደምላችሁም አሰብኩ። “ሥራ በዛብኝ” ልላችሁ ነበር።

እናቴ አየችኝ። “ምን ሆነሽ ነው?” አለች። ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና “አበዳሪው ማነው?” አለችኝ።

እኔ ምንም አልመለስኩም። እናቴ ፊደል የቆጠረችው እርጅናዋ ላይ ነው፤ ቻሌንጅ ምን እንደሆነም አታውቅም። ጥያቄዋ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ቢሮ ያለው ዕዳ ባለቤት አለው። ገበሬው አለ፣ ልጆቹ አሉ፣ የሸጠው ቡና አለ። አንዲት ብር ብትጎድል የአንድ ሰው ብር ናት። የኔ 3,300 ቃል ግን የማን ነው? ማንም እጁን ዘርግቶ አይጠብቀውም። እኔው ነኝ ጽፌ በራሴ ላይ የጫንኩት።

በ13ኛው ቀን ያን የመጨረሻ ገጽ አውጥቼ የዕዳውን ረድፍ በሙሉ በቀይ እስክርቢቶ ሰረዝኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሂሳብ ስይዝ ያልተከፈለ ነገር ሰርዤ አላውቅም። እጄ ከበደኝ። ያለፈው ቀን አለፈ፤ ዛሬ የዛሬን ብቻ፣ የቻልኩትን ብቻ ልጻፍ አልኩ። ሰዓቱንም ቀየርኩ። ሌሊቱን ተውኩት፤ ሰውነቴ እንቅልፍ ይፈልጋል። እናቴ ሁልጊዜ ማታ ቡና ታፈላለች። አቦሉ ሲቀዳ ደብተሬን እከፍታለሁ፣ በረካው ሲጠጣ እዘጋለሁ። አንድ ሰዓት ገደማ ናት። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ትንሿ ልጄ ጭኔ ላይ ትወጣለች። ጸጥታ የለም። ግን ማንም የማይነካት ሰዓት ሆነች፤ ቡናውን እኛ ቤት ማንም አይሰርዘውም።

የዚያን ምሽት ምን እንደጻፍኩ ልንገራችሁ።

ሐዘኑ ቤት በሁለተኛው ቀን የሐጂ ባለቤት ማድ ቤት ገብተው አንዲት ጥቁር በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ልጆቻቸው “እዚያ ምንጣፉ ላይ ይሁኑ፣ ይሻላል” አሏቸው። እምቢ አሉ። በኦሮምኛ ነበር የሚያወሩት። ይህቺ ሐጂ በሕይወታቸው የሠሯት የመጀመሪያዋ በርጩማ ናት አሉን። አንዷ እግሯ አጭር ናት፤ ስለዚህ አልተሸጠችም። ሲጋቡ ይዘዋት መጡ። ከአርባ ዓመት በላይ እንጀራ ሲጋግሩ የተቀመጡት እሷ ላይ ነው። “ሰውነቴ ወደ ግራ ያጋደለው በእሷ ነው፤ ደህና ወንበር ላይ ስቀመጥ የምወድቅ ይመስለኛል” አሉ። ከዚያ አለቀሱ። እኛም አለቀስን።

በ13ኛው ቀን ይህን ጻፍኩ። 210 ቃል። በርጩማ በሁለቱም ቋንቋ በርጩማ ስለሆነ እሱ አላስቸገረኝም። ሌላው ግን አስቸገረኝ። የእሳቸው ኦሮምኛ ውስጥ ያለው ለስላሳ ነገር በአማርኛዬ ሲወጣ ይደርቃል። ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። ዕዳ ስለሌለብኝ መሰረዝ ቻልኩ። ወሩን ሙሉ ከጻፍኩት ሁሉ ደጋግሜ የማነበው ያንን አንድ ገጽ ተኩል ነው። ባዶ ብዬ ዕዳ ከጻፍኩባቸው ቀናት ነው የመጣው። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው የሰማሁት። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ጋቢ ደርቤ፣ በሬን ዘግቼ ብቀመጥ አላገኘውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ወሬ የለውም። ነቢያት ጾም ገባ። ልጄ ሁለት ቀን አተኮሰው፤ እነዚያን ቀናት አልጻፍኩም፣ ዕዳም አልያዝኩም። አንድ እሑድ ልጆቹን ይዤ ጅሬን ወጣን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጋ። ከላይ ከተማችንን ስናያት ልጄ “እማዬ፣ የኛ ቤት የትኛው ቆርቆሮ ነው?” አለኝ። እሱንም ጻፍኩት። ቢሮ ውስጥ ሐሳብ ሲመጣልኝ ጣቴን ካርኒው ላይ አድርጌ ስልኬ ላይ ሁለት መስመር እይዛለሁ፤ ማታ አቦሉ ላይ ይፈታል።

ቁጥሩን ለምትፈልጉ፦ ከ30 ቀን 22 ቀን ጻፍኩ። 9,180 ቃል። 15,000 አልሞላም። በቻሌንጁ ሕግ ወድቄያለሁ።

እኔ ግን የማውቀው ሕግ ሌላ ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና እንዲወጣ አምስት ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት ይፈልጋል። ልጣጩ አለ፣ ውሃው አለ። ይህን የማያውቅ ሰው መጋዘን መጥቶ “እሸቱ የት ገባ?” ብሎ ይጠይቃል። የትም አልገባም፤ ቡና እንዲህ ነው የሚወጣው። ከ9,180ው ላስቀምጥ የምፈልገው ምናልባት 1,500 ቃል ይሆናል። እኔ ደስ ብሎኛል። ከዚህ በፊት በአንድ ዓመት 1,500 ደህና ቃል ጽፌ አላውቅም።

ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ወሩ ጥርት ያለ እስኪሆን አትጠብቁ። እንደዚያ ያለ ወር እኔ አላየሁም። ቀድሞውኑ በቀናችሁ ውስጥ ያለ፣ ማንም የማይሰርዘው ነገር ፈልጉና አጠገቡ ተቀመጡ። የናንተ ቡና ላይሆን ይችላል። ታክሲ ጥበቃ ሊሆን ይችላል። ልጅ ማስጠናት ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ቀረኝ። በ29ኛው ቀን ደብተሬን ይዤ የሐጂ ባለቤት ጋ ሄድኩ። ሳላስፈቅድ ስለ እሳቸው መጻፌ ከብዶኝ ነበር። ማድ ቤት ነበሩ፣ እዚያችው በርጩማ ላይ። ከአማርኛው ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እስከ መጨረሻው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ከዚያ ቀና አሉና በእጃቸው የበርጩማዋን ጠርዝ መታ መታ አደረጓት።

“ዋንዛ ብለሻል” አሉኝ። “ዋንዛ አይደለችም። ያኔ ዋንዛ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ከወንድሙ ግቢ በንፋስ ከወደቀ ጥቁር እንጨት ነው የሠራት። ጠንካራ ነው፣ መጥረቢያው አልገባ ብሎት ነው እግሯ ያጠረው። እሱን ጻፊ።”

እሺ አልኳቸው። በ30ኛው ቀን ቤት እንግዳ ነበር፣ ሌላ ነገር ነው የጻፍኩት። ዛሬ ግን እናቴ ከሰል አያይዛለች፣ ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል። ይህን ቀድቼ ስጨርስ ዋንዛውን ሰርዤ ጥቁር እንጨቱን አስገባለሁ። የወደቀውን ዛፍም፣ የወንድማቸውን ግቢም።

ደህና እደሩልኝ።