በስም እየጠሩ ማመስገን

ክቡራን አባቶች፣ ክቡራት እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ልጆችም፤ ክርስቶስ ከሙታን ተነሥቷል!

ስለ ቤተሰብ እንድናገር ስጋበዝ ርእሱን ለእኔ ተዉልኝ። እኔም ብዙ ሳላወላውል ምስጋናን መረጥኩ። ሆኖም ስለ ምስጋና በጥቅሉ መናገር አልፈልግም። ብዙ ነፍስ በሚኖርበት ክርስቲያን ቤት፣ በትንሣኤ ሰሞን፣ አንዱ ሌላውን እንዴት ያመሰግናል የሚለው ነው ልቤን የያዘው። እኔና ባለቤቴ ስምንት ልጆች አሳድገናል። ዛሬ ምራቶች፣ አማቾችና የልጅ ልጆች ተጨምረው በዓል ሲደርስ ቤታችን መቆሚያ የለውም። እግዚአብሔርን ማመስገን አልከበደንም፤ «ተመስገን» የሚለው ቃል ከአፋችን ተለይቶ አያውቅም። የሚከብደው ጓዳ ውስጥ ላለው ሰው፣ ላደረገው ነገር፣ ዓይኑን እያዩ ማመስገን ነው።

የትንሣኤን ታሪክ በአራቱ ወንጌላት ስታነቡ አንድ ነገር አስተውሉ። ታሪኩ በቤት ሥራ የተሞላ ነው። ሴቶቹ ማልደው ወደ መቃብሩ የሄዱት ሽቱ ይዘው ነበር፤ ሰንበት ስለ ገባባቸው ሳይጨርሱት ያደረ ሥራ ነበረባቸው። ማርቆስ እንደሚነግረን በመንገድ ላይ ይነጋገሩ የነበረው «ድንጋዩን ማን ያንከባልልልናል?» እያሉ ነው። ብዙ ቤተሰብ ያስተዳደረች ሴት ሁሉ ይህን ጥያቄ ታውቀዋለች። ሥራው የግድ ነው፣ አቅም የለም፣ ግን ተነሥቶ መሄድ አይቀርም። ዮሐንስ ደግሞ ጴጥሮስ ወደ መቃብሩ ሲገባ ያየውን ሲጽፍ፣ በጌታ ራስ ላይ የነበረው ጨርቅ ከሌላው ተለይቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ለብቻው ተቀምጦ እንደ ነበረ ሳይናገር አላለፈም።

ከሁሉ በላይ ግን የጥብርያዶስ ባሕር ዳር ነገር ነው ልቤን የሚነካው። ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ መረብ ሲጥሉ አድረው ምንም አልያዙም። ሲነጋ፣ ጌታ መሆኑን ሳያውቁ፣ በቃሉ መረቡን በታንኳይቱ ቀኝ ጣሉት፤ ከዓሣውም ብዛት የተነሣ መረቡን መጎተት አቃታቸው። ወደ ምድር ሲወጡ ፍም ተቀጣጥሎ፣ ዓሣ በላዩ ተቀምጦ፣ እንጀራም ቀርቦ አገኙ። እንግዲህ አስቡት፤ እሳት ራሱን አያያይዝም። አንድ ሰው ቀድሞ ተነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ፍሙ እስኪይዝ ጠብቋል። ያ ሰው ሞትን ድል ያደረገው ጌታ ነው! የመጡትም የረጠቡ፣ የደከሙ፣ የተራቡ ሰዎች ናቸው፤ ከመካከላቸውም ከጥቂት ቀናት በፊት በሌላ የፍም እሳት አጠገብ እየሞቀ ሦስት ጊዜ የካደው ጴጥሮስ አለ። ጌታ ጴጥሮስን ስለ ፍቅሩ የጠየቀው በልተው ከጨረሱ በኋላ ነው። መጀመሪያ አበላው።

ስለዚህ በበዓል ዋዜማ ሌሊት ሁሉ ተኝቶ ሳለ ብቻውን በምድጃ ፊት የቆመ ሰው የተዋረደ ሥራ እየሠራ ነው ብላችሁ አታስቡ። ከሙታን የተነሣው ጌታ የሠራውን ሥራ እየሠራ ነው። ይህን የሚያምን ቤተሰብ ደግሞ ያንን ሰው ሳያመሰግን ማዕድ ላይ ሊቀመጥ አይገባውም።

ይህችን ቀሚስ ተመልከቱልኝ፤ ሆን ብዬ ነው ይዣት የመጣሁት። የመጀመሪያዋ ልጄ ለትንሣኤ ለብሳታለች፤ ከዚያ ሁለተኛዋ፣ ከዚያ ሦስተኛዋ፣ በመጨረሻም ትንሿ። እታች ጫፏ ላይ ቀለሟ ደመቅ ያለ መስመር ይታያችኋል? በእጥፋት ውስጥ ተሸሽጎ የቆየ ጨርቅ ነው፤ ፀሐይና ሳሙና አላገኘውም። ትንሿ ልጄ ከእኅቶቿ ሁሉ ረዘም ያለች ስለ ነበረች ቀሚሷ አጠረቻት። ሦስተኛዋ በዋዜማው ምሽት ማንም ሳያዛት ተቀምጣ፣ የድሮውን ስፌት ክር በክር በመርፌ ጫፍ እየመዘዘች ፈታችው፤ ጫፉን ለቃም በእጇ መልሳ ሰፋችው። ስፌቱ እዚህ ጋ ጠመም ብሏል፤ ገና ልጅ ነበረች። በማግሥቱ ሰው ሁሉ «እንዴት ያምርባታል!» አለ። ማን እንዳስረዘመው የጠየቀው ግን አባቷ ብቻ ነበር፤ ጠይቆም ዝም አላለም፤ በሰው ሁሉ ፊት ስሟን ጠርቶ ሥራዋን ተናገረ። ያቺ ልጅ ዛሬ የራሷ ልጆች አሏት፤ ያንን ቀን ግን እስካሁን ታነሣዋለች።

በቤተ ክርስቲያን ታሪክም የዚህ ምሳሌ አለ። በአራተኛው መቶ ዘመን፣ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር ባለችው በቀጰዶቅያ፣ ብዙ ልጆች ያሉት አንድ ክርስቲያን ቤተሰብ ነበር። ከልጆቹ መካከል ታላቁ ባስልዮስ፣ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስና የሰባስጥያው ጴጥሮስ ጳጳሳት ሆነዋል። የሁሉም ታላቅ ግን ማቅሪና የምትባል እኅት ናት። አባታቸው ሲሞት እናቷን በቤት አስተዳደር አገዘች፤ የመጨረሻውን ልጅ ጴጥሮስን አሳደገች፣ አስተማረችም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ379 ካረፈች በኋላ ወንድሟ ጎርጎርዮስ የሕይወቷን ታሪክ ጻፈ። ያ ሊቅ፣ ስለ ሥላሴ ጥልቅ ነገር የጻፈ ሰው፣ እኅቱ ለእናታቸው በገዛ እጇ ኅብስት ታዘጋጅ እንደ ነበር መጻፍን አልናቀም። ማቅሪናን የምናውቃት ወንድሟ ስላመሰገናት ነው። ስንት ቤት ውስጥ ስንት ማቅሪና ሳትጻፍ ቀርታለች?

በእኛ ቤት በትንሣኤ ምሽት፣ ከጸሎት በፊት፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ሰውና አንድ ሥራ ይጠራል። «ሁላችሁንም ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» ማለት አይፈቀድም። እንዲህ ያለ ምስጋና ማንንም አይነካም፤ ተናጋሪውንም ምንም አያስከፍለውም። «አያቴን የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ደግፈህ ስላወጣሃት» ይባላል። «ሌሊት ሲያስለኝ ውኃ ስላመጣሽልኝ» ይባላል። ልጆች ይህን ከእኛ ከትልልቆቹ ይልቅ በፍጥነት ተማሩት፤ እነርሱ ትንንሹን ነገር ያያሉና። ለወላጆች ግን አንድ አደራ አለኝ። ልጆች ሲበዙ የሚያስቸግረው ይታያል፣ የታመመው ይታያል፣ ታላቁና ትንሹም ይታያሉ። መሐል ላይ ያለው፣ የማያስቸግረው፣ ዝም ብሎ ዕቃ የሚያጥበው ልጅ ግን ዓመቱን ሙሉ ስሙ ሳይጠራ ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ምሽት እርሱን መጥራት የእናትና የአባት ሥራ ነው።

ትንሣኤን ከእኛ ጋር በአንድ እሑድ የማያከብሩ ዘመዶችም አሉን። የኒቅያ ጉባኤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 ሁሉም በአንድ ቀን እንዲያከብር ወስኖ ነበር፤ በ1582 የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ አዲሱን የዘመን አቆጣጠር ካወጡ ወዲህ ግን በአብዛኛው ዓመት ቀኑ ይለያያል። የምራቴ ወላጆች በሌላ እሑድ ሲያከብሩ ደውለን ደስታቸውን እንካፈላለን። ቀኑ ሲገጥም ደግሞ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025 እንደ ሆነው፣ አብረን ነን።

ከዚህ የሚከብደው በማዕዱ ዙሪያ የሌለው ሰው ነው። ስለ ሞቱብን መናገር ለእኔ አይቸግረኝም፤ ትንሣኤ የእነርሱም በዓል ነው። የተቀየመው፣ የራቀው፣ እምነቱ የተናወጠው ግን ልብ ይሰብራል። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ወይም ወንድም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቶማስን አስቡት። ጌታ በመጀመሪያው ምሽት ሲገለጥ አልነበረም፤ ሲነግሩትም አላመነም። ዮሐንስ ግን ከስምንት ቀን በኋላ ደቀ መዛሙርቱ በውስጥ ሳሉ ቶማስም አብሯቸው እንደ ነበር ይነግረናል። እነርሱ አይተዋል፣ እርሱ አላየም፣ ደስታቸውንም አልተካፈለም፤ ሆኖም አላስወጡትም። እርሱም አልሄደም። ያንን ሳምንት በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት እንዳሳለፉት ወንጌሉ ባይነግረንም፣ ጌታ ዳግመኛ ሲመጣ ቶማስን ያገኘው በወንድሞቹ መካከል ነው። እንግዲህ የራቀውን ሰው ስሙን በምስጋናው ሰዓት ጥሩት፤ በፊት ያደረገላችሁን አንድ መልካም ነገር ንገሩለት። ስልክ ካነሣ ደግሞ ለራሱ ንገሩት። ምክር አትጨምሩበት።

ንግግሬን የምጨርሰው ለሁላችሁ ያልኩትን እኔው በማድረግ ነው። ዛሬ ይህን አዳራሽ ከንጋት ጀምረው ያጸዱ፣ ወንበሮቹን የደረደሩ፣ ሕፃናቱን በዚያኛው ክፍል የያዙልን፣ አሁንም ከጀርባ ሆነው ማዕድ የሚያሰናዱ ሰዎች አሉ። ስማቸውንና የሠሩትን አንድ በአንድ ጠይቄ በዚህ ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። ከጓዳ ያሉት እንዲሰሙ በሩን ክፈቱልኝ፤ አሁን አነብባለሁ። ስሙ የተጠራ ሁሉ እባኩን ወደ ፊት ይምጣ።