ለድብ አደን ጠመንጃና ጥይት ስንመርጥ፦ ከካሊበሩ በፊት አረሩ

የተከበራችሁ አዳኞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ድብ ለማደን የሚሰናዳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ካሊበር (የአፈሙዝ ቀዳዳ ስፋት) ይበቃኛል?» ብሎ ነው። መልሱ የሚገኘው ግን የምናድነው የትኛውን ድብ እንደሆነ፣ አረሩ፣ ማለትም ከጥይቱ ተወርውሮ የሚመታው ክፍል፣ እንዴት እንደተሠራና ትከሻችን ምን ያህል ርግጫ እንደሚችል ካወቅን በኋላ ነው። ብዙ ሰው ከካሊበሩ ይጀምርና ከአቅሙ በላይ የሚራገጥ ጠመንጃ ይገዛል፤ ከዚያ ያገኘውን ርካሽ ጥይት ይዞ ይወጣል። ውጤቱ ቆስሎ ጫካ የገባ ድብ ነው። ይህ ለእንስሳው ስቃይ ነው፤ ዱካውን ተከትሎ ለሚገባው ሰውም የሕይወት አደጋ ነው።

ከድቡ እንጀምር። የሰሜን አሜሪካ ጥቁር ድብ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 150 ኪሎ ይመዝናል፤ ከ200 ኪሎ የሚያልፍ ወንድ ድብም አለ። ለእሱ አጋዘን የምታድኑበት ጠመንጃ ይበቃል፦ .270 ዊንቸስተር፣ .308 ዊንቸስተር ወይም .30-06 ስፕሪንግፊልድ። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ፣ ከ100 ሜትር ባነሰ ርቀት፣ በ1895 የወጣው .30-30 እንኳ ሥራውን ይሠራል። ቡናማ ድብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአላስካ ጠረፍና በኮዲያክ ደሴት ሳልሞን እየበላ የሚያድገው ወንድ ከ500 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ትከሻው ላይ ያለው ጡንቻና አጥንት ለአጋዘን የተሠራን ስስ አረር ገና ሳንባው ሳይደርስ ሊበታትነው ይችላል።

ሕጉንም በዚሁ ልጥቀስ። አላስካ ውስጥ የግዛቱ ነዋሪ ያልሆነ አሜሪካዊ አዳኝ ቡናማ ድብ የሚያድነው ፈቃድ ካለው መሪ ጋር፣ ወይም የግዛቱ ነዋሪ ከሆነ የቅርብ ዘመዱ ጋር ነው። ከአላስካ በታች ባሉት 48 የአሜሪካ ግዛቶች ግሪዝሊ የሚባለው ቡናማ ድብ ከ1975 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። በካሊፎርኒያ ደግሞ ከሐምሌ 2019 ወዲህ ለማንኛውም አደን የእርሳስ አረር ክልክል ነው። የምትሄዱበትን ቦታ ደንብ ጥይት ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አረሩ ልግባ። ድብ ረጅም ፀጉርና ወፍራም ስብ አለው። ስቡ የቁስሉን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ፀጉሩ የሚወጣውን ደም ይመጥጣል። በዚህ ምክንያት በደንብ የተመታ ድብ እንኳ መሬት ላይ ጥቂት ደም ብቻ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። እኛ የምንፈልገው አረሩ በአንድ ጎን ገብቶ፣ ሁለቱንም ሳንባ በስቶ፣ በሌላው ጎን እንዲወጣ ነው። ይህን የሚያደርገው ጥልቀት ነው፤ ጥይቱ ሳጥን ላይ የተጻፈው የጁል ቁጥር ብቻውን ጥልቀትን አይነግረንም።

ስስ መዳብ የለበሰ ተራ የእርሳስ አረር በቅርብ ርቀት ይበታተናል። ብዙዎች ቅርብ ርቀት ለአረር የቀለለ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አረር ከሁሉ በላይ የሚፈጥነው ከአፈሙዙ እንደወጣ ስለሆነ፣ ከሁሉ በላይ የሚጨነቀው 30 ሜትር ላይ ያለ ትከሻ ሲመታ ነው። ለዚህ ሦስት ዓይነት መፍትሔ አለ። የመጀመሪያው በ1948 የተጀመረው የኖዝለር ፓርቲሽን አሠራር ነው፤ አረሩ መሐሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ አለው፣ የፊቱ ግማሽ ተከፍቶ ሲሰፋ የኋላው ሳይነካ ወደ ውስጥ ይገፋል። ሁለተኛው እርሳሱ ከመዳብ ልባሱ ጋር የተበየደ አረር ነው፤ ስዊፍት ኤ-ፍሬም ግድግዳውንም ብየዳውንም አጣምሮ ይዟል። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆነው፣ ባርንዝ ያስለመደን ዓይነት ነው። ክብደቱን ሳያጣ ስለሚገባ ከእርሳሱ አረር ቀለል ያለውን መምረጥ ይቻላል፤ በ.30 ካሊበር ከባድ የእርሳስ አረር የሚሠራውን 180 ግሬን፣ ማለትም 11.7 ግራም፣ የሚመዝን የመዳብ አረር ይሠራዋል። በእርሳስ አረር የምትሄዱ ከሆነ ግን በካሊበራችሁ ካሉት ከበድ ያለውን ያዙ። ውፍረቱ እኩል ሆኖ ክብደቱ የበለጠ አረር ይረዝማል፤ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ ጠልቆ ይገባል።

ይህ ከገባን የካሊበሩ ጥያቄ ይቀላል። .30-06 ከ1906 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው፤ 180 ግሬን አረር በሴኮንድ 820 ሜትር ገደማ ይወረውራል። ከ200 እስከ 220 ግሬን ጠንካራ አረር ከያዘ ለቡናማ ድብም ይሆናል፤ ለእኔ ግን ከዚህ ካሊበር በታች መውረድ አይገባም። በ1958 የወጣው .338 ዊንቸስተር ማግነም 250 ግሬን አረር በሴኮንድ 800 ሜትር ገደማ ይልካል፤ ርግጫውን ለሚችል ሰው ለቡናማ ድብ ከሁሉ የተመጣጠነው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። የ1912ቱ .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ 300 ግሬን አረር በ770 ሜትር ይልካል፤ ኃይሉ 5,700 ጁል አካባቢ ነው፤ የቆሰለ ድብ ተከትሎ ቁጥቋጦ ለሚገባ መሪ ሁነኛ መሣሪያ ነው። .45-70 በ1873 የወጣ ቢሆንም ዛሬም በቅርብ ርቀት አስተማማኝ ነው። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ግን አለው፦ ለዘመናዊ ጠመንጃ ተብሎ በከፍተኛ ግፊት የተሞላ .45-70 ጥይት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራ ጠመንጃ አይተኮስም። ጠመንጃው ሊፈነዳ ይችላል።

ስለ ርግጫ ሳንሸፋፍን እንነጋገር። 3.6 ኪሎ የሚመዝን .30-06 ወደ 27 ጁል በሚሆን ርግጫ ትከሻን ይመታል፤ .338 ከ40 ጁል ያልፋል፤ .375 ደግሞ 50 ጁል አካባቢ ነው። ርግጫ የሚፈራ ሰው ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ አፈሙዙንም ወደ ታች ይገፋል። ራሱ ግን አይታወቀውም። ይህን የምታውቁበት መንገድ ቀላል ነው። ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት ከእውነተኛው ጋር ቀላቅሎ ጓደኛችሁ ካዝናውን ይሙላ፤ እናንተ ቅደም ተከተሉን አትዩ። መርፌው ቀጭ ብሎ ጥይቱ ሳይተኩስ ሲቀር አፈሙዙ ከዘለለ ርግጫውን ፈርታችኋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ወደ አነሰው ካሊበር ውረዱ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሳንባ ላይ ያረፈ .30-06 ሆድ ላይ ካረፈ .375 ይበልጣል። አፈሙዝ ላይ የሚገጠም የጋዝ ማስወጫ ርግጫውን በእርግጥ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ድምፁን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ስለሚመልስ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጆሮ ይጎዳል።

ጠመንጃው ቦልት (በእጅ እየተሳበና እየተገፋ ጥይት የሚያጎርስ ብረት) ያለው ዓይነት ቢሆን እመርጣለሁ። ከእነዚህም ውስጥ የ1898ቱን ማውዘር ተከትሎ የተሠራው፣ ሰፊ ጥፍሩ ጥይቱን ገና ከካዝናው ሲወጣ ከቂጡ አንቆ የሚይዘው፣ ለአደገኛ እንስሳ ይሻላል። ምክንያቱ እዚህ ላይ ነው። ሰው ሲደናገጥ ቦልቱን ወደ ፊት እስከ መጨረሻው ሳይገፋ መልሶ ይስባል። ጥይቱን በማይዘው አሠራር ሁለተኛ ጥይት ከመጀመሪያው ኋላ ይመጣና ሁለቱም ይቀረቀራሉ፤ ጥፍር ያለው ግን የያዘውን ጥይት ስለማይለቅ ይህ ችግር እምብዛም አይገጥመውም። የትኛውንም ብትገዙ ለአደኑ በምትይዙት ጥይት ካዝናውን ሞልታችሁ በፍጥነትና በኃይል አቀባብሉ፤ አፍንጫው ደብዛዛ የሆነ አረር መግቢያው ጠርዝ ላይ የሚደናቀፍበት ጠመንጃ አለ። ከባድ ርግጫ ባለው ጠመንጃ ደግሞ ካዝናው ውስጥ የቀረው ጥይት ከፊት ግድግዳው ጋር እየተጋጨ አረሩ ወደ ቀለሃው ሊገባ ይችላል። ሦስት ጥይት ከተኮሳችሁ በኋላ የመጨረሻውን አውጡና ርዝመቱን ካልተነካ ጥይት ጋር አስተያዩ። ካጠረ ያንን ጥይት አትያዙ።

ቴሌስኮፑ ዝቅተኛ ማጉያ ይኑረው፤ ከ1 እስከ 6 ወይም ከ2 እስከ 7 ይበቃል። ስትጓዙ ሁልጊዜ ዝቅተኛው ላይ አድርጉት፤ 20 ሜትር ላይ በ7 እጥፍ ያጎላችሁት ድብ ፀጉር ብቻ ሆኖ ይታያችኋል። ዓይናችሁ ከመስተዋቱ ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ አለበለዚያ ቅንድባችሁ ይሰነጠቃል። በጠረፍ ዝናብና ጨው ስላለ የማይዝግ ብረትና የፕላስቲክ ሰደፍ ይሻላል። አፈሙዙን በቀጭን ፕላስተር ሸፍኑት፤ ውሃና ጭቃ አይገባም፣ ለመተኮስም ማንሳት አያስፈልግም። በብርድ ቦልቱ ውስጥ ያለው ወፍራም ዘይት ረግቶ መርፌውን ስለሚያዘገየው ጥይቱ ላይነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ዘይቱን አጥባችሁ አድርቁት። ማታም ጠመንጃውን ሞቃት ድንኳን ውስጥ አታስገቡ፤ በላዩ ላይ የሚያዝለው ውሃ ሲወጣ በረዶ ይሆናል።

የምታነጣጥሩበትን ቦታ በአጭሩ ልናገር። ድቡ በጎኑ ሲቆም የፊት እግሩን የኋላ ጠርዝ ተከትላችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ ከሰውነቱ ቁመት ሲሶ ያህል ላይ ቁሙ። ቁመቱን ስትለኩ የግሪዝሊን ጉብታና ከሆዱ በታች የተንጠለጠለውን ፀጉር አትቁጠሩ፤ ጉብታው ከጀርባ አጥንቱ በላይ ያለ ጡንቻ ነው፣ እሱን ያካተተ ሰው ከሚገባው በላይ ከፍ አድርጎ ይተኩሳል። ራሱን አትምቱ፤ አንጎሉ ትንሽ ነው፣ ግንባሩም ዘመም ያለ ነው። ድቡ ቢወድቅም መንቀሳቀሱን እስኪያቆም መተኮሳችሁን አታቁሙ። ስትቀርቡትም ከኋላው፣ ጥይት አጉርሳችሁ ቅረቡ።

ጥይት ስትገዙ ለልምምዱም፣ ቴሌስኮፑን ለማስተካከልም፣ ለአደኑም የሚሆነውን የምርት ቁጥሩ አንድ ከሆነ ሳጥን በአንዴ ግዙ፤ የምርት ቁጥሩ ሲለያይ አረሩ የሚያርፍበት ቦታም ሊለያይ ይችላል። .30-06ን በ180 ግሬን 100 ሜትር ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እንዲመታ ካስተካከላችሁት፣ እስከ 200 ሜትር ድረስ ያለ ሌላ ሒሳብ መተኮስ ትችላላችሁ። በአውሮፕላን ከተጓዛችሁ ደግሞ የቴሌስኮፑን ማሰሪያ ብሎኖችና ጠመንጃውን ከሰደፉ ጋር የሚያያይዙትን ሁለቱን ብሎኖች አጥብቃችሁ፣ ወደ አደኑ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ጥይት ዒላማ ላይ ተኩሳችሁ አረጋግጡ። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።